ቆብ የሌለው ዓይን፦ ቆሮሶ ዳር ዳሩን ሲዋኝ እንዴት ያያል?

እንደምን አመሻችሁ?

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ በልቶ የማያውቅ አለ? እጁን ያወጣ የለም። ሐዋሳ ላይ ይህን መጠየቄም ነውር ነው።

እንግዲያውስ ነገሬን ከሳህኑ ልጀምር። ሙሉ የተጠበሰ ቆሮሶ ሲቀርብላችሁ፣ ወይም ጭንቅላቱ የገባበት ሾርባ ስትጠጡ፣ ከዓይኑ ውስጥ አንዲት ነጭ ጠንካራ ኳስ ትወጣለች። የብይ ታናሽ እህት ትመስላለች። ልጆች ያንከባልሏታል። ትልልቆቹ ከአጥንቱ ጋር ወደ ዳር ይገፏታል። ብዙ ሰው "የዓሣ ዓይን" የሚለው እሷን ነው። ግን ዓይኑ አይደለችም፤ የዓይኑ ሌንስ ናት። ዓሣው በሕይወት እያለ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለች ነበረች። ያነጣት እሳቱ ነው። የእንቁላል ውሃውም ሲበስል እንዲሁ ይነጣል፤ ሁለቱም ፕሮቲን ናቸው።

ክብነቷን ልብ በሉ። የእኛ ሌንስ እንደ ምስር ጠፍጠፍ ያለ ነው። "ሌንስ" የሚለው ቃል ራሱ በላቲን ምስር ማለት ነው። የእኛ ሌንስ ጠፍጣፋ መሆን የቻለው አጋዥ ስላለው ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ዓይናችን ሲገባ አብዛኛውን የማጠፍ ሥራ የሚሠራው ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያ ነው። ውሃ ውስጥ ግን ኮርኒያ ሥራ ፈት ነው፤ ከውሃው ብዙም ስለማይለይ ብርሃኑን አያጥፈውም። ስትዋኙ ዓይናችሁን ብትገልጡ ሁሉ ነገር የሚደበዝዝባችሁ ለዚህ ነው። ዓሣው ይህን ሁሉ ለሌንሱ ትቶታል። ስለዚህ ሌንሱ ድብልብል ሆነ።

ድብልብል ብቻም አይደለም። መሃሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ወደ ጠርዙ እየሳሳ ይሄዳል። እንዲያው ከተራ ብርጭቆ እንደተሠራ ብይ ቢሆን ኖሮ ምስሉ በተጨማለቀ ነበር። ፊዚሲስቱ ጀምስ ክላርክ ማክስዌል ገና በ1854 እንዲህ ያለ ከመሃል ወደ ዳር እየሳሳ የሚሄድ ሌንስ በሒሳብ ሠርቶ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) እስከ ዛሬ "የማክስዌል የዓሣ ዓይን" ይባላል።

የመጣሁት ግን ስለ ኳሷ ላወራ አይደለም። ከኳሷ ጀርባ ስላለው፣ እናንተ ሳታዩት ከሾርባው ጋር ስለምትጠጡት ስስ ነገር ነው። ስለ ሬቲና።

ከዚህ ወጥታችሁ ነገ ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ ብትቆሙ ምን ታደርጋላችሁ? ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ። ግንባራችሁን ትቋጥራላችሁ። እጃችሁን ትጋርዳላችሁ። እናንተ ሳታዙት ደግሞ ብሌናችሁ ይጠባል፤ ጨለማ ላይ እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሰፋው ብሌን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቆሮሶ ከእነዚህ አንዱም የለውም። የዓይን ቆብ የለውም። እጅ የለውም። የአብዛኞቹ አጥንታም ዓሦች ብሌን ደግሞ እንዳለ ነው፤ አይጠብም፣ አይሰፋም። ታዲያ ማን ይከላከልለት? ሥራው ሁሉ ወደ ኋላ እየተገፋ ሄዶ ሬቲናው ላይ ወደቀ። ዛሬ የምነግራችሁ እንግዲህ ይህንኑ ነው።

"ዳር ላይ ያለ ዓሣ ምን ችግር አለበት፣ ብርሃን እንደ ልቡ ነው" የሚል አይጠፋም። ችግሩም እሱ ነው። ጥልቅ ባሕር ውስጥ ያለ ዓሣ ኑሮው ጨለማ ነው፤ ግን አንድ ዓይነት ጨለማ ነው። ዳር ላይ ያለው ግን ቀትር ላይ ፀሐይ ሙሉ ኃይሏን ታወርድበታለች፣ ማታ ደግሞ ኮከብ ብቻ ይቀርለታል። በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ከመቶ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። ሌላም አለ። ጥርት ያለ የመዋኛ ገንዳ ወለል አይታችሁ ከሆነ፣ የብርሃን መረብ ሲጨፍር ታያላችሁ። እያንዳንዷ ሞገድ እንደ ሌንስ እየሆነች ፀሐይቱን ትሰበስባታለች፣ ትበትናታለች። ለዓሣው ዓለም በሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ብልጭ ድርግም ይላል። ከፊቱ ያለው ጥላ ጠላት ይሁን ወይስ ሞገድ ያመጣው ጨዋታ፣ በምን ይለየው?

ቫዲም ማክሲሞቭ የተባሉ ሩሲያዊ ተመራማሪ በ2000 አንድ መላ ምት አቀረቡ። ቀለም ማየት ራሱ የተወለደው በዚህ በሚጨፍር ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል አሉ። ለተለያየ የብርሃን ዓይነት የተሠሩ ሁለት ሴሎችን ስታወዳድሩ፣ ብልጭታው ሁለቱንም እኩል ከፍ ዝቅ ስለሚያደርጋቸው ይጣፋል። የሚቀረው የነገሩ ቀለም ነው። መላ ምት መሆኑን አትርሱብኝ። ቢሆንም በጣም እወደዋለሁ። የመስቀል ወፍን ቢጫ የምናየው የሆነ ጥንታዊ ዓሣ በሞገድ ስለተወዛገበ ነው ማለት አይደል?

አሁን ወደ ሬቲናው እንግባ። ሬቲና የዓይንን የኋላ ግድግዳ ከውስጥ የለበሰ ስስ ሽፋን ነው። ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ተደርድረውበታል። አንዱ ዓይነት እንደ በትር ቀጥ ያለ ነው፤ ሮድ ይባላል። ሌላው ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው፤ ኮን ይባላል። ሮድ የሌሊት ሠራተኛ ነው። ትንሽ ብርሃን ትበቃዋለች፤ ቀለም ግን አይለይም። ኮን የቀን ሠራተኛ ነው። ብርሃን ይፈልጋል፣ ቀለም ይለያል። እስከዚህ ድረስ እኛም ዓሣውም አንድ ነን።

ልዩነቱ ይሄ ነው፦ የዓሣው ሴሎች ይንቀሳቀሳሉ። ቃል በቃል።

ከሮዶቹና ከኮኖቹ ጀርባ ጥቁር ቀለም ያዘለ የሴል ንጣፍ አለ። ቀለሙ ሜላኒን ነው፤ የእኛን ቆዳ ጠይም የሚያደርገው ያው ሜላኒን። ሲነጋ ኮኖቹ አንገታቸውን ሰብስበው ብርሃኑ ወደሚመጣበት ወደ ፊት ይጠጋሉ። ሮዶቹ ደግሞ አንገታቸውን አስረዝመው ወደ ኋላ፣ ጥቁሩ ውስጥ ይሰወራሉ። ሜላኒኑም እየተዘረጋ ይጋርዳቸዋል። ሲመሽ ሁሉም ይገለበጣል። ሮዶቹ ከመጋረጃው ወጥተው ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። ኮኖቹ ያፈገፍጋሉ። የቀን ጥበቃና የሌሊት ጥበቃ በር ላይ ፈረቃ ሲቀያየሩ ማለት ነው። እኛ መጋረጃውን መስኮቱ ላይ ሰቀልን፤ ዓሣው ቤቱ ውስጥ፣ አልጋው አጠገብ ሰቀለው።

የሚጓዙት ርቀት ከፀጉር ውፍረት ብዙም አያልፍም። ለአንድ ሴል ግን ረጅም መንገድ ነው። በርክሌይ የነበሩት ቤዝ በርንሳይድ ይህንን ለዓመታት አጥንተውታል። ኮኑ የሚሰበሰበው ጡንቻችን ሲኮማተር በሚጠቀምባቸው ዓይነት ፕሮቲኖች ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ደግሞ ሰዓቱ ነው። ከሲክሊድ ወገን የሆነ ዓሣ (ቆሮሶም ከዚሁ ወገን ነው) ያለ ማቋረጥ ጨለማ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ኮኖቹ ሊነጋ ሲል ራሳቸው መሰብሰብ ይጀምራሉ። ብርሃን አላዩም፤ የውስጥ ሰዓታቸው ነገራቸው።

ጉድለትም አለበት። የእኛ ብሌን በሴኮንዶች ይጠባል። የዓሣው ፈረቃ ግን ብዙ ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በዚህ መሃል፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ የቀኑ ሠራተኛ ወጥቶ የሌሊቱ ገና ያልገባበት ሰዓት አለ። ኮራል ሪፍ ላይ (ኮራል የሚባሉ እንስሳት ባሕር ውስጥ የገነቡት ድንጋያማ ቦታ ነው) የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህን ሰዓት በደንብ ያውቁታል። የቀን ዓሦች ቀድመው ይደበቃሉ። የሌሊቶቹ ገና አልወጡም። ለጥቂት ደቂቃ ሪፉ ጭር ይላል። አዳኞቹ ይህን ሰዓት ይወዱታል። አምባዛን አትጠይቁኝ፤ እሱ ዓይኑ ትንንሽ ነው፣ በጢሙ እየዳሰሰ ይኖራል። የእሱ ነገር ሌላ ንግግር ይፈልጋል።

እና ቀለም። ኮን የትኛውን የብርሃን ዓይነት እንደሚቀበል የሚወስነው ኦፕሲን የሚባል ፕሮቲን ነው። እኛ ኮን ውስጥ ሦስት ዓይነት ኦፕሲን አለን። በዚህም እንኮራለን። ያ ሎሚ ጨምቃችሁ የምትበሉት ቆሮሶ ሰባት የኮን ኦፕሲን ጂኖች አሉት። ሰባት! አንዱ እኛ ፈጽሞ የማናየውን አልትራቫዮሌት የሚቀበል ነው።

ሰባቱን በአንድ ጊዜ አይለብሳቸውም። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሰባት ልብስ አለው፤ በየዕድሜው እያወጣ ይለብሳል። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ካረን ካርልተንና ባልደረቦቻቸው በ2008 ያሳተሙት ይህንን ነው። ገና የተፈለፈለ ቆሮሶ አልትራቫዮሌትና አጫጭር የብርሃን ሞገዶችን የሚቀበሉትን ይጠቀማል። እያደገ ሲሄድ እነዚያን ያጠፋል። ሲጎረምስ ወደ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቀይ የሚያዘነብሉትን ያበራል። ለምን? ትንሹ ቆሮሶ ዳር ዳሩን፣ ከውሃው ገጽ ሳይርቅ ይኖራል፤ እዚያ አልትራቫዮሌት በሽ ነው። የሚበላቸው ጥቃቅን እንስሳት ለእኛ ዓይን እንደ ውሃው ብርጭቆ ናቸው። በአልትራቫዮሌት ሲታዩ ግን ጎልተው ይወጣሉ። ትልቁ ቆሮሶ ደግሞ ዋና ምግቡ አልጌ ነው። ያን ለማግኘት አልትራቫዮሌት አያሻውም።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፣ ጉርጎራው እነ ካርልተንን ወደ ማላዊ ሐይቅ ወሰዳቸው። እዚያ ውሃው እጅግ የጠራ ነው። ድንጋይ ሥር የሚኖሩ የቆሮሶ ዘመዶች አሉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ የልጅነት ዓይናቸውን ሳይቀይሩ ያረጃሉ። ትንሹ ቆሮሶ ጥሎት የሚሄደውን አልትራቫዮሌት የሚያይ ዓይን እነሱ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ። አዲስ ጂን አልፈጠሩም። የነበራቸውን ማጥፋት ብቻ ተዉ።

አልትራቫዮሌት ለምግብ ብቻም አይደለም። አውስትራሊያ ሪፍ ላይ አንዲት ቢጫ ትንሽ ዓሣ አለች፤ የአምቦን ዳምሰልፊሽ ይሏታል። ለእኛ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ናቸው። በ2010 የወጣ ጥናት ግን ፊታቸው ላይ በአልትራቫዮሌት ብቻ የሚታይ ጽሕፈት የመሰለ ንድፍ እንዳለ፣ በእሱም የራሳቸውን ወገን ከሌላው እንደሚለዩ አሳየ። የብዙ አዳኝ ዓሦች ሌንስ ደግሞ ይህን ብርሃን አያስገባም። ጠላት ፊት ቆመው ጠላት በማይሰማው ቋንቋ ያወራሉ።

ዓይንን ለውሃው ብርሃን የማስማማት ሁለተኛው መላ ርካሽ ነው። ፕሮቲኑን ሳይቀይሩ ቫይታሚኑን መቀየር። ኦፕሲን ብቻውን ብርሃን አይቀበልም፤ ከቫይታሚን ኤ የተሠራ ሞለኪውል ይዞ ነው። እናቶቻችን "ካሮት ብላ፣ ለዓይንህ ነው" የሚሉን ለዚህ ነው። ጆርጅ ዋልድ በ1930ዎቹ የወንዝና የሐይቅ ዓሦችን ሲመረምሩ ከእኛ ለየት ያለ ቫይታሚን ኤ እንደሚጠቀሙ አገኙ፤ አሁን ኤ2 ይባላል። በዓይን ላይ ለሠሩት ሥራ በ1967 የኖቤል ሽልማት ከወሰዱት ሦስት ሰዎች አንዱ ናቸው። ኤ2 የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ዓይኑን ወደ ቀይ ይገፋዋል። የወንዝና የሐይቅ ውሃ ብዙ ጊዜ ደለልና የበሰበሰ ቅጠል አለበት፤ ሰማያዊው ብርሃን ቶሎ ያልቃል፣ የሚተርፈው ቀይና ቡናማው ነው። ሳልመን ከባሕር ወደ ወንዝ ሲመለስ ኤ1ን በኤ2 ይተካል። መነጽር እንደ መቀየር በሉት። ጎልድፊሽም የሚጠቀመው ኤ2ን ነው። ቀይ ኮኑ ከሁሉ አብልጦ የሚቀበለው 625 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው (ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ወደ ቀይ ይሄዳል)፤ የእኛው ወደ 560 ገደማ ነው። ቤታችሁ ሳሎን ውስጥ የምትዞረው ዓሣ ከእናንተ በላይ ቀይ ታያለች።

ሬቲናው ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ደግሞ በደቡብ አሜሪካ የምትኖር አንዲት ዓሣ ታሳያለች። አናብሌፕስ ትባላለች፤ ቅጽል ስሟ "ባለ አራት ዓይን" ነው። በእርግጥ ዓይኗ ሁለት ነው። ግን ግማሹን ከውሃ በላይ፣ ግማሹን ከውሃ በታች አድርጋ ትንሳፈፋለች። በሌንስ ውስጥ ምስል ይገለበጣል አይደል? ስለዚህ አየሩን የሚያየው የሬቲናዋ የታችኛው ክፍል ነው፤ ውሃውን የሚያየው የላይኛው። የታችኛው ለአረንጓዴ የተሠራ ኦፕሲን አለው። የላይኛው በእሱ ፋንታ ወደ ቢጫ የሚያዘነብል አለው፤ የምትኖርበት ውሃ ጭቃማ ነዋ። አንድ ሬቲና ለሁለት ዓለም ተከፍሎ ተሠራ።

እንዲህ ያለው ክፍፍል ብዙ ዓሣ ላይ አለ፤ የእሷ ጎልቶ ታየ እንጂ። የሕንድና የባንግላዴሽ የሩዝ ማሳ ውሃ ውስጥ የምትኖረው ዜብራፊሽ ገና ጫጩት ሳለች፣ ከሬቲናዋ አንዱ ጥግ ላይ አልትራቫዮሌት የሚቀበሉ ኮኖች ይበዛሉ። ያ ጥግ የሚያየው ከፊቷ ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ ነው። ጥቃቅን ምግቧን ልትነጥቅ ስትል የምታነጣጥረው በዚያ በኩል ነው። እነዚያን ኮኖች ሲያጠፉባት አደኗ ይበላሻል።

አሁን ከሁሉ የሚከነክነኝ ላይ ደረስን። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ሁለት ተቀራራቢ ዓሦች አሉ። ስማቸው ፑንዳሚሊያ ነው፤ በስዋሂሊ የሜዳ አህያ ማለት ነው። የአንደኛዋ ወንድ ሰማያዊ ነው፣ ዳር ላይ ይኖራል። የሌላዋ ወንድ ቀይ ነው፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይኖራል። ይቺ ሁለተኛዋ በታንዛኒያው መሪ በጁሊየስ ኔሬሬ ስም ነው የተሰየመችው። ቪክቶሪያ ደፍረስ ያለ ውሃ ስለሆነ ጥቂት ሜትር እንደወረዳችሁ ሰማያዊው ያልቃል፤ ብርሃኑ ብርቱካናማ ይሆናል። የታችኛዋ ዓሣ ቀይ ተቀባይ ኦፕሲን ይበልጥ ወደ ቀይ የተጠጋ ነው። ሴቶቹም ዓይናቸው የለመደውን ይመርጣሉ፤ የላይኛዋ ሰማያዊ ባል፣ የታችኛዋ ቀይ ባል። ኦሌ ዘሃውዘንና ባልደረቦቻቸው በ2008 ይህን ሲያሳዩ፣ አንድ የዓሣ ዘር ለሁለት የሚከፈለው በዓይን ልዩነት ብቻ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ።

ክፍፍሉ የሚሠራው ግን ውሃው በመጠኑ ሲጠራ ነው። እዚያው ዘሃውዘን ቀደም ብለው፣ በ1997፣ የተገላቢጦሹን አሳይተው ነበር። ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ውሃውን ባደፈረሰበት ቦታ የወንዶቹ ቀለም ይደበዝዛል። ሴቶቹ መለየት ያቅታቸዋል። ሁለቱ ይዳቀላሉ። ማንም መረብ ሳይጥል፣ ማንም አንድ ዓሣ ሳይገድል፣ ሁለት ዓይነት የነበረው አንድ ዓይነት ይሆናል። ደለል ዓሣ የሚገድለው በማፈን ብቻ ይመስለን ነበር። ለካ በማሳወርም ነው።

አርባ ምንጭ ሄዳችሁ ከላይ ከከተማው ሆናችሁ ወደ ታች ያያችሁ ታውቃላችሁ። ከእግዜር ድልድይ ግራና ቀኝ ሁለት ሐይቅ ነው። አባያ በደለል ቀይ ቡናማ ሆኗል። ጫሞ ከእሱ የተሻለ ጠርቶ ሰማይ ይመስላል። ቆሮሶ በሁለቱም አለ። አንዱ ዘመድ በቀይ መጋረጃ ውስጥ፣ ሌላው በሰማያዊ መስኮት ሥር። ጣናም ቢሆን ከተራቆተው መሬት በየክረምቱ አፈር ይገባበታል፤ እምቦጩ ደግሞ ከላይ ብርሃኑን ይጋርዳል። ስለ ሐይቆቻችን ስናወራ በቶን ስለሚያዘው ዓሣ እናወራለን። ስለሚገባው ብርሃን የሚያወራ ግን እምብዛም አልሰማሁም።

ሳልረሳው አንድ ነገር። የዓሣ ሬቲና ዕድሜ ልኩን ያድጋል። ጠርዙ ላይ አዳዲስ ሴል ሲፈለፈል ይኖራል፤ ዓሣው በተለቀ ቁጥር እሱም ይሰፋል። ዜብራፊሽ ደግሞ ሬቲናዋ ቢጎዳ መልሳ ታበቅለዋለች። ሙለር የሚባሉ ደጋፊ ሴሎች ተመልሰው ይከፋፈሉና የጠፋውን ይተካሉ። እኛም እነዚያው ሴሎች አሉን፤ የእኛዎቹ ግን ጠባሳ ይሠራሉ እንጂ አይተኩም። ዓይነ ስውርነትን ለማከም የሚጥሩ ሰዎች ላቦራቶሪያቸውን በዓሣ የሞሉት ለዚህ ነው።

በቃኝ። ጥያቄ ካለ... እሺ፣ አንተ ከኋላ። ጮክ በል ልጄ።

"ዓሣው እኛን ሲያየን ምን እንመስላለን?" ነው ያልከው? ጎበዝ። ይህን አዋቂዎቹ መጠየቅ ነበረባቸው።

ዓሣው ቀና ሲል ሰማዩን በሙሉ አያይም። ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ ስለሚታጠፍ፣ ከውሃ በላይ ያለው ዓለም ሁሉ ከራሱ በላይ ባለች አንዲት ክብ መስኮት ውስጥ ይታጨቃል። የመስኮቷ ስፋት 97 ዲግሪ ገደማ ነው። ከእሷ ውጭ ያለው የውሃ ገጽ መስታወት ነው፤ የሐይቁን ወለል ነው የሚያሳየው። አንተ ዳር ላይ ስትቆም በመስኮቷ ጠርዝ ላይ፣ አጭርና ጭፍልቅ ያልክ ሆነህ ትታያለህ። ሱሪህን ሰብስበህ ውሃው ውስጥ ከገባህ ደግሞ ለሁለት ትከፈላለህ። እግሮችህ በውሃው ውስጥ ብቻቸውን ቆመው ይታያሉ። ከወገብህ በላይ ያለው ሌላ ቦታ፣ መስኮቷ ጠርዝ ላይ ነው። ቁጭ ብትል ግን ወደ ጠርዙ ዝቅ ትልና በጣም ስለምትጨፈለቅ አትታይም ማለት ይቻላል። እዚያ ፍቅር ሐይቅ ዳር መንጠቆ ይዘው የሚቀመጡትን ሽማግሌ አይተሃቸዋል? ቆመው አያውቁም።